ለልጄ፣ ስለ ሰውነትሽ

ደብረ ማርቆስ

የምወድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኪሎሽ ከወንድምሽ ጋር እኩል መጣ ብለሽ እራት መተው መጀመርሽን እኅትሽ ነግራኝ፣ ነገሩ በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ጻፍሁልሽ።

ልጄ፣ የወንድምሽ ሰውነት ላንቺ መለኪያ ሊሆን አይችልም። በአንጎል፣ በነርቭና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ያለው፣ ያለ እርሱ ጤና የማይኖርበት ስብ፣ በወንድ ከክብደቱ 3 በመቶ ያህል ሲሆን በሴት ግን ለመውለድና ለማጥባት የተዘጋጀው ተጨምሮበት ወደ 12 በመቶ ይደርሳል። ሁለታችሁም 60 ኪሎ ብትመዝኑ፣ የእርሱ የግድ ስብ ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ያንቺ ከሰባት ኪሎ ይበልጣል። ይህን ለማራገፍ መታገል ከተፈጥሮሽ ጋር መጣላት ነው።

ጡንቻም እንዲሁ ነው። በአማካይ የወንድ ጡንቻ ከክብደቱ 38 በመቶ፣ የሴት 31 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከእግር ይልቅ በክንድና በትከሻ ላይ ይሰፋል። ወንድምሽ የጤፉን ኩንታል ብድግ አድርጎ አህያዋ ላይ ሲጭን ያየሽው ኃይል በአብዛኛው ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ሥራ ነው። ሚዛን ግን ጡንቻውን ከስቡ አይለይም፤ የሚነግርሽ ድምሩን ብቻ ነው።

አንቺን የሚያሳስብሽ የዳሌሽና የጭንሽ ስብ ኢስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን ምክንያት እዚያ የሚቀመጥ ነው። ለስኳርና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያጋልጠው በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ሲሆን፣ በአገራችን የድሎት ምልክት ተደርጎ የሚታየው የወንዶች ቦርጭ እርሱ ነው፤ ስለ አባትሽ የምሰጋውም ለዚህ ነው። ሴትም ስታርጥ ስቡ ወደ ሆድ ያዘነብላል፤ እኔ ራሴ ድሮ ሁለት ጊዜ የምጠመጥመው መቀነት ዛሬ አይበቃኝም።

ጾሙን እንደ ሥርዓቱ ጹሚ፣ በእርሱ አልቃወምሽም፤ ነገር ግን ከጾሙ በኋላ በሽሮውም በምስሩም በደንብ ብዪ። ምግብ ሲያንስ ሰውነት የወር አበባን ያቋርጣል፣ ሲቆይም አጥንት ይሳሳል። የወር አበባሽ ሳታረግዢ ሦስት ወር ቀርቶብሽ ከሆነ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪና የተባልሽውን ላኪልኝ።

እናትሽ