ዝሆን ብቻ አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የተወራው ስለ ዝሆን ብቻ ነው። ከሐረር መጠለያው ወዳለበት ወደ ኤረር ሸለቆ የሚወርድ ሰውም ዝሆን ካላየ ከፍቶት ይመለሳል። እግሩ ሥር ያለውን ግን አላየም።

ጦቢያው የሚባለውን፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ቁጥቋጦ እንውሰድ። መንገድ ዳር ስለሚበቅል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቅጠሉን ገለጥ አድርጉና እዩት። ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ መስመር ያለው አባጨጓሬ ልታገኙ ትችላላችሁ። የጦቢያው ወተት መርዝ ነው፤ አባጨጓሬው ግን ቅጠሉን እየበላ ያድጋል። መርዙም ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። ብርቱካናማ ቢራቢሮ ሆኖ ሲበር ታዲያ ወፍ ብትቀምሰው ትተፋዋለች። ልጆቼ ይህን ካዩ ወዲህ ጦቢያው አይተው ዝም ብለው አያልፉም።

ደግሞም ቢራቢሮ ፀሐይ ካላሞቀችው አይበርም። ረፋድ ላይ መድረስ ይበቃል፤ ሌሊት መነሳት የለም። ልጅ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መጠለያው መግቢያ ላይ በአካባቢው የሚታዩ 10 ቢራቢሮዎችና ወፎች ፎቶ ያለበት ሰሌዳ ይሰቀል። ስማቸው በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ይጻፍ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ደግሞ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ የመጠለያው ጠባቂ ስካውቶች ቅዳሜ ረፋድ ተማሪዎችን ለ2 ሰዓት በእግር ያስጎብኙ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐረር