መንገድ ያደርክባቸውን ሌሊቶች ጻፍ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገባች። ትንሹ በቁመት በልጦኛል።

ሳንነጋገር ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ብዕር ያስነሣኝን ነገር ላውራህ።

ባለፈው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከእናንተ ሰፈር የመጣ ሰው አገኘሁ። ኡበሩን ትተህ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ሲዲኤል እንዳወጣህ ነገረኝ። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ያገለገለ ትራክ ገዝተህ በራስህ መኪና እየጫንክ ነው አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ጭንቅ ያዘኝ። «ታክሱን ማን ነው የሚሠራለት?» ብዬ ጠየቅኩት። «ድሮ የኡበሩን ይሠራለት የነበረው ሰውዬ ይመስለኛል» አለኝ። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ የወደቅኩበት ጉድጓድ ይኸው ነበርና።

እንደምታውቀው ለብዙ ዓመት የካምፓኒ ሾፌር ነበርኩ። የራሴን ትራክ የገዛሁት በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ነው። ስለዚህ 2023 ከጥር እስከ ታኅሣሥ በራሴ መኪና የሠራሁበት የመጀመሪያው ዓመት ሆነ። ታክስ የሚሠራበት ጊዜ ሲደርስ ደረሰኞቼን በፌስታል ሞልቼ ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ ሰው አይደለም። ለሱቁም፣ ለታክሲውም፣ ለፀጉር ቤቱም የሚሠራ ነው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ግማሹ ደረሰኝ ዳሽቦርድ ላይ የበጋ ፀሐይ መትቶት ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ባዶ ወረቀት ሆኗል። የሚነበበውን ደመረ፤ 3,100 ዶላር መጣ። «ምግብ የሚያዘው ሃምሳ ፐርሰንቱ ብቻ ነው» ብሎ 1,550 ጻፈልኝ። እኔም አመስግኜው ወጣሁ።

ዓመት ከምናምን ቆይቶ ነው እውነቱን የሰማሁት። ነብራስካ ውስጥ ኖርዝ ፕላት አንድ ትራክ ስቶፕ ላይ አንድ ሐበሻ አገኘሁ። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ስለ ታክስ ስናወራ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ስንት ብር በላህ?» አላለኝም። «ስንት ሌሊት መንገድ ላይ አደርክ?» ነው ያለኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ እኔና እንደ አንተ በራሱ ስም የሚሠራ፣ 1099 የሚባለውን ተቀጣሪ ላልሆነ ሰው የሚሰጥ የገቢ ወረቀት የሚቀበል ሾፌር፣ ከቤቱ ርቆ የሚያድር ከሆነ የእያንዳንዱን ምግብ ደረሰኝ መሰብሰብ የለበትም። የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ለትራንስፖርት ሠራተኛ የቆረጠው የቀን ሒሳብ አለ። ፐር ዲየም ይሉታል። የእኛ አገር ውሎ አበል በለው። ልዩነቱ፣ ውሎ አበልን መሥሪያ ቤቱ ይከፍልሃል፤ ይህን ግን ማንም እጅህ ላይ አያስቀምጥልህም። ታክስ ከሚታሰብበት ገቢህ ላይ ይቀነስልሃል። ያወጣኸው ከዚያ ቢያንስም የሚያዝልህ የተቆረጠው ሒሳብ ነው። ባለቤትህ የቋጠረችልህን ድርቆሽ ከትራክ ስቶፕ ሻይ ጋር በልተህ ብታድርም ቀኑ ሙሉ ቀን ነው።

እኔ በነዳሁበት በ2023 ሒሳቡ በቀን 69 ዶላር ነበር። ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ 80 ዶላር ሆኗል። ጭነት ይዘህ ካናዳ ከገባህ ደግሞ 86 ነው። ከቤት የወጣህበት ቀንና የተመለስክበት ቀን ሦስት አራተኛው ይያዛል፤ በአሁኑ ሒሳብ 60 ዶላር መሆኑ ነው።

ከዚህ ድምር ላይ የሚቀነስልህ 80 ፐርሰንቱ ነው። ሃምሳ አይደለም። ሃምሳው ለሌላው ነጋዴ ነው። የእኛ የሥራ ሰዓት በሕግ የታሰረ ስለሆነ ነው ሰማንያ ያደረጉልን። ታውቀዋለህ፣ 11 ሰዓት ከነዳህ በኋላ 10 ሰዓት ማረፍ ግድ ነው። ሰዓትህ ያለቀው ቤትህ አጠገብ ይሁን በረሃ መሐል፣ ሕጉ አይጠይቅም። ቁም ይልሃል፤ ትቆማለህ። እራትህ ያለው እዚያው በቆምክበት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ይህ ተቀናሽ ጉርሻ አይመስለኝም። የደከምንበት ነው። ሰው ሳያውቅ ሲያልፈው በጣም ያንገበግበኛል።

በቁጥር ላሳይህ። 200 ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ከነበርክ፣ 200 ጊዜ 80፣ 16,000 ዶላር ነው። ሰማንያ ፐርሰንቱ 12,800። አሥራ ሁለት ፐርሰንት ታክስ ከሚከፍሉት ከሆንክ፣ በራሳችን ስም ለምንሠራ ከሚመጣብን 15.3 ፐርሰንት የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ጋር ተደምሮ 3,000 ዶላር ገደማ ከምትከፍለው ላይ ይወርድልሃል። የፌዴራሉ ብቻ ማለቴ ነው። የፊቱን፣ የስቲር አክስሉን ጎማ ቀይረህ ይተርፍሃል።

አሁን ልብ በልልኝ። የምግብ ደረሰኝ አያስፈልግህም ማለት ማስረጃ አያስፈልግህም ማለት አይደለም። የት፣ መቼ፣ ለምን ሥራ እንዳደርክ ማሳየት አለብህ። «የነዳሁበትንና ያረፍኩበትን ሰዓት የሚመዘግበው ሎግ ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ሁሉም ነገር እዚያ አለ» ብለህ አትተኛ። የምትጭንለት ካምፓኒ ሎግህን እንዲያስቀምጥ ሕጉ የሚያስገድደው ለስድስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠየቅበትም። በየወሩ መጨረሻ አውርደህ ለራስህ ኢሜይል አድርገው። የናፍጣውን ደረሰኝ ሳይነጣ በስልክህ ፎቶ አንሣው። ትራኩ ተበላሽቶ ሞቴል ካደርክ ደግሞ የመኝታውን ደረሰኝ እንዳትጥል፤ ለመኝታ የተቆረጠ ሒሳብ የለንም። ትራኩ ውስጥ ባለው መኝታ፣ ስሊፐር ውስጥ የተኛህበት ሌሊት ግን ምንም አልከፈልክበትምና መኝታ ብለህ የምታስይዘው የለም።

በዚያው ቀን ባልቲሞር ወደብ ደርሰህ ማታ ቤትህ ከገባህ አይቆጠርም። ማደር አለብህ።

እባክህ ሌላም ነገር ልለምንህ። ለሁሉም ሾፌር 300 ቀን እየሞሉ የሚልኩ ታክስ ሠሪዎች አሉ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» ይሉሃል። አትስማቸው። አይአርኤስ ደብዳቤ ቢልክ ሎግ አምጣ የሚባለው አንተ ነህ። እነሱ ያን ጊዜ ስልክ አያነሡም። ያደርክበትን ብቻ አስይዝ፤ እሱም ይበቃሃል። ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ብለው ቤታቸውን ለቀው ትራኩ ውስጥ የሚኖሩ ልጆች አሉ። ለእነሱ ይህ አይሠራም። ርቆ የሚሄድበት ቤት የሌለው ሰው ከቤቱ ርቋል አይባልም። አንተ የምትከፍልበት፣ የምትመለስበት ቤት ከነቤተሰብህ አለህ። ድርጅትህን፣ ኤልኤልሲህን፣ ኤስ ኮርፕ በሚባለው የታክስ አሠራር ካስመዘገብከው ግን አሠራሩ ይለያልና ቀድመህ ጠይቅ።

የባለቤትህ ወንድም አሁንም የካምፓኒ ሾፌር ነው? እንግዲህ እሱ በዚህ እንዳይደክም ንገረው። ደብልዩ-2 የሚባለውን የተቀጣሪ ደመወዝ ወረቀት የሚቀበል ሾፌር በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ይህን ከታክሱ ላይ ማስቀነስ አይችልም። ባለፈው ዓመት የወጣው ሕግም በዚያው አጽንቶታል። እኔ ይህን ፍትሕ ነው አልልም፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ረሃቡም አንድ ነው። የሚቀረው ካምፓኒው ራሱ ፐር ዲየም የሚከፍል መሆኑን መጠየቅ ነው።

እኔ ኖርዝ ፕላት ላይ ያን ከሰማሁ በኋላ ሌላ ታክስ ሠሪ ጋ ሄድኩ። የትራክ ሥራ የምታውቅ ሴት ናት። ታክስ ካስገባህበት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ዓመት ሳያልፍ ማስተካከል እንደሚቻል ነገረችኝ። ፎርሙ 1040-ኤክስ ይባላል። «የ2023ን ሌሊቶች ቆጥረህ አምጣ» አለችኝ።

ሎጉ የለም። ስድስት ወሩ ካለፈ ቆይቷል። ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋር የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ከሐበሻ ሱቅ ያመጣነው የዚያ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ጓዳ ውስጥ ተገኘ፤ ጾሙም በዓሉም ያለበት፣ የእኛም የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን የተጻፈበት። እሷ የጭነት ወረቀቶቹንና የናፍጣ ካርዱን ዝርዝር ታነብልኛለች። እኔ በቀይ እስክሪብቶ እያከበብኩ የቦታውን ስም እጽፋለሁ። ከቤት የወጣሁት 22 ጊዜ ነው። 196 ሙሉ ቀን፣ 44 የመውጫና የመመለሻ ቀን። ድምሩ 15,801 ዶላር፤ ሰማንያ ፐርሰንቱ 12,640። ሰውዬው የጻፈልኝ 1,550 ነበር። ከወራት በኋላ ከ2,500 ዶላር በላይ ተመለሰልኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ያን ማታ ማርች ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ድንገት ዝም አለች። «ላራሚ፣ ዋዮሚንግ» አለችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። የናፍጣ ደረሰኝ ነው። ቀኑን አወቅኩት። ኢንተርስቴት 80 በበረዶና በንፋስ ተዘግቶ ከላራሚ ወደ ሮሊንስ የሚወስደው መንገድ ላይ መብራቱ ቀይ ነበር። መቶ ምናምን ትራክ ተደርድረን ቆመናል። ሁዳዴ ነው፤ ሽሮዬን ከማይክሮዌቭ አውጥቼ ልበላ ስል ስልኬ ጮኸ። የእማማን መርዶ የሰማሁት እዚያ ነው።

ደሴ ልጅ ሆነን ኮምቦልቻ እንኳን ስንወርድ ኪሳችንን ቆሎ ሳትሞላ ለቃን አታውቅም። ያን ሌሊት ሽሮው እፊቴ ቀዝቅዞ አደረ። ስልኩን አንሥቼ ስምህ ላይ ደረስኩ። ምን ብዬ ልጀምር? «መንገዱ ሲከፈት፣ ጭነቱን ሳደርስ፣ ረጋ ብዬ እደውላለሁ» አልኩ። መንገዱ ተከፈተ፤ ሬኖ አራገፍኩ። ሠልስቱ አለፈ። ሌላ ጭነት ያዝኩ። አርባው ወጣ። ከዚያ በኋላ ማፈር መጣ። በቆየ ቁጥር እፍረቱ እየከበደኝ ሄደ። አንተ ቨርጂኒያ ለቅሶ ተቀምጠህ በር በተከፈተ ቁጥር እኔን ሳትጠብቅ አልቀረህም። ይህን እያወቅኩ ቀረሁ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። የእማማን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ያቺን ቀንም በቀይ አክብቤ ላራሚ ብዬ ጻፍኩባት። 69 ዶላር ሆና ታስባለች። ባለቤቴ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ «ደውልለት» አለችኝ። ያኔም አልደወልኩም። ይህንን ደብዳቤ ለመጻፍ እሁድ ያገኘሁት ሰው ማስፈለጉ ያሳዝነኛል።

አሁን የምለምንህ፣ የ2025 ታክስህን ገና ካላስገባህ አታስገባ። ኤፕሪል 15 ድረስ ጊዜ አለን። ካስገባኸውም ይስተካከላል። ከዚህ ወር ማብቂያ በፊት ወደ እናንተ የሚመጣ ጭነት ይዣለሁ። ዊንቸስተር አራግፌ ትራኩን እዚያው ትራክ ስቶፕ አቆማለሁ። ከአንተ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። መጥተህ ትወስደኛለህ። ሰዓቴ ስላለቀ ሙሉ ሌሊት አለኝ።

መጀመሪያ የእማማ ፎቶ ፊት ቁጭ ብለን እናለቅሳለን። ከዚያ የናፍጣ ካርድህን ዝርዝርና የጭነት ወረቀቶቹን አውጣ። ካምፓኒው ዘንድ ያለውን የስድስት ወር ሎግ ግን እኔን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ አውርደው። ቀን መቁጠሪያና ቀይ እስክሪብቶ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። አልቀየርኩትም።

ወንድምህ