«ጥናቱ ነው ያለው»፦ ለመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣

የመሥሪያ ቤታችንንም የእርስዎንም ስም እዚህ አልጽፍም። ሲያነቡት ራስዎን እንደማያጡት እርግጠኛ ነኝ። በውስጥ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልኩ። በአካል መጣሁ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። እንግዲህ በአደባባይ ልጻፍ።

ጉዳዩ የጋሼ ጉዳይ ነው። የመለዋወጫ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ጋሼ። እርስዎ እዚህ ከመሾምዎ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያ ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱን አሠራርና መዋቅር የሚያጠኑት አማካሪዎች ሲመጡ «ሙሉ ትብብር ይደረግላቸው» የሚል ደብዳቤ በእርስዎ ፊርማ ወጣ። ጋሼም ትእዛዙን አከበሩ። ላፕቶፕ ይዘው የመጡትን ልጆች ከመደርደሪያ መደርደሪያ አዞሯቸው። ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 (የዕቃ ገቢና ወጪ ደረሰኞቹ) ምን እንደሆኑ፣ ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበት ካርድ) እንዴት እንደሚነበብ አስረዷቸው። ልጆቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ በእነሱ ቂም የለኝም። በጨረታው ሰነድ ላይ የሥራ ልምዳቸው የተደረደረላቸው አንጋፋ ባለሙያዎች ግን ከመክፈቻውና ከመዝጊያው ስብሰባ በቀር አልታዩም። ክፍያው የተሰላው በእነሱ ዋጋ ነው። እኔ ፋይናንስ ነኝ፤ ወረቀቱ በጠረጴዛዬ አልፏል። ቁጥሩን አልጽፍም፤ እርስዎም ያውቁታል።

ጋሼ ለልጆቹ ሁለት ነገር ነገሯቸው። የግዥ ጥያቄ የሚዘገየው ፊርማ ስለሚበዛበት ነው አሏቸው። ግምጃ ቤቱ በማይንቀሳቀስ ዕቃ የተጨናነቀው ደግሞ ቴክኒሻኑ ሳይጠየቅ በጅምላ ስለሚገዛ ነው አሏቸው። ይህንኑ በየዓመቱ ሪፖርታቸው ላይ ሲጽፉት ኖረዋል። አንብቦ የመለሰላቸው አለቃ አልነበረም።

ከዚያ ሆቴል ተከራይተን የጥናቱን ውጤት ሰማን። «ቁልፍ ግኝቶች» የሚል ስላይድ መጣ። ሁለቱም የጋሼ ነጥቦች ቀስትና ቀለም ተጨምሮላቸው እዚያ ቁጭ ብለዋል። እርስዎ ተነሥተው «ዓይናችንን ገለጣችሁልን» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። ጋሼም ከኋላ ወንበር ሆነው አብረው አጨበጨቡ።

ድልድሉ ሲለጠፍ የጋሼ መደብ ታጥፏል። ደረጃቸው ዝቅ ብሎ መዝገብ ቤት ተመድበዋል። ምክንያቱ «በጥናቱ መሠረት» ይላል። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል የለም።

ቅሬታ አስገቡ። ኮሚቴው «ድልድሉ በጥናት የተደገፈ ስለሆነ ቅሬታው ተቀባይነት የለውም» ብሎ መለሰላቸው። «እንግዲያው ጥናቱን አሳዩኝ፤ ስለ እኔ መደብ የሚለውን ገጽ ብቻ» አሉ። ሰው ሀብት ሰነዱ ሚስጥራዊ ነው አላቸው። የሠራተኛ ማኅበሩን ጠየቁ፤ ማኅበሩም አላየውም። እኔ ከልጆቹ አንዱን አግኝቼ ጠየቅኩት። «እኛ አማራጭ ነው ያቀረብነው፤ የወሰነው ማኔጅመንቱ ነው» አለኝ። ማኔጅመንቱን ስንጠይቅ ደግሞ «ጥናቱ ነው ያለው» ይላል።

የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። አለቃ ሠራተኛን ከቦታው ሲያነሣ ድሮም እናውቃለን። ግን ቢያንስ ያነሣው ሰው ይታወቅ ነበር። ፊት ለፊት ሄደህ «ለምን?» ትለው ነበር። አሁን ወሳኙ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ይላል፣ አጥኚውም ንጹሕ ነው፣ ጋሼ ግን መዝገብ ቤት ናቸው። በነገራችን ላይ መደባቸው ታጠፈ እንጂ ስልካቸው አልታጠፈም። ተሽከርካሪ ሲቆም ዛሬም «ጋሼ፣ ያ ቤሪንግ የት ነበር?» ተብለው ይደወልላቸዋል። ይነግሯቸዋልም።

ሕጉን ለእርስዎ ማስተማር አይጠበቅብኝም። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ 590/2000 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። አዋጅ 1156/2011 ደግሞ የሠራተኛ ቅነሳ ከሠራተኛው ተወካዮች ጋር በመመካከር እንዲሆን ያዛል። በዚሁ ድልድል ከሥራ የወጡ ሠራተኞች አሉ። ማኅበሩ ያላየውን ሰነድ በምን ተማከረበት?

ደግሞ ይህ የእኛ ግቢ ጉድ ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካን ይመልከቱ። የአገሪቱ ገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ሳርስ የሚሉት፣ የተመሰገነ ተቋም ነበር። ቤይን የተባለው የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ገብቶ መዋቅሩን እንደ አዲስ ቀረጸው። ትልልቅ ግብር ከፋዮችን የሚከታተለው ማዕከል ፈረሰ። ነባር ኃላፊዎች መደብ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዳኛ ሮበርት ኑጀንት የሚመራ ኮሚሽን ጉዳዩን አጣራ። የቤይን ሰዎች የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቶም ሞያኔ ገና ከመሾማቸው በፊት አብረዋቸው ሲያቅዱ እንደነበር ወጣ። ጥናት የተባለው ነገር ከጥናቱ በፊት ተወስኖ ነበር ማለት ነው። ቤይን የተከፈለውን 164 ሚሊዮን ራንድ ከነወለዱ መለሰ። በ2022 ደግሞ የብሪታኒያ መንግሥት ከራሱ ጨረታዎች አገደው።

እዚያው ደቡብ አፍሪካ ማኪንዚ የተባለው ሌላ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት ከመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ከኤስኮም ጋር ውል ነበረው። የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስቴር (ናሽናል ትሬዠሪ) ሊፈቅደው ይገባ ነበር፤ አልፈቀደውም። ማኪንዚ ወደ 1 ቢሊዮን ራንድ የሚጠጋ ገንዘብ ተቀበለ፤ ጉዱ ሲወጣ መለሰ። የማኪንዚ የአፍሪካ ቅርንጫፍ ለኤስኮምና ለትራንስኔት (የመንግሥት የባቡርና የወደብ ድርጅት) ባለሥልጣናት ጉቦ ተሰጥቷል በሚለው የአሜሪካ ክስ ከ122 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል የተስማማው በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛዎቹ ጉቦ ሰጥተዋል አላልኩም፤ እንዲህ አድርገው እንዳያነቡብኝ። እኔ የምለው፣ የደቡብ አፍሪካው ሰነድ ተከፍቶ ባይነበብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር።

«አፍሪካ ነው» እንዳይሉኝ ደግሞ ፈረንሳይ አለች። የፈረንሳይ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ለአማካሪ ያወጡት ገንዘብ በ2018 እ.ኤ.አ. 379 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ በ2021 894 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ያወጣው የሴኔቱ አጣሪ ኮሚቴ ነው። ስለ መምህርነት ሙያ የወደፊት ሁኔታ ለተሠራ አንድ ሥራ ብቻ ለማኪንዚ 496,800 ዩሮ ተከፍሏል። አማካሪዎቹ በመሐላ ቀርበው «ምን ሠራችሁበት?» ተብለው ተጠየቁ። እኛ ዘንድ ግን ጋሼ አንዲት ገጽ ለምነው አላገኙም።

ለእኛ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው የበለጠ የሚያበሽቀው። ቢፒአር (መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ፤ «ሥራውን ከሥሩ አፍርሰህ ሥራው» ተባልን። ቢኤስሲ (የውጤት ተኮር ምዘና) መጣ፤ ነጥብ ሞላን። ካይዘን (የጃፓኖቹ የማያቋርጥ መሻሻል ዘዴ) መጣ፤ ጠረጴዛችንን አጸዳን፣ እውነት ለመናገር እሱ እንኳን ጠቅሞናል። በ2003 ዓ.ም. ቴሌን ፍራንስ ቴሌኮም እንዲያስተዳድረው ሲሰጠው ስንቱ ሠራተኛ ድልድሉ ላይ ስሙን ፈልጎ እንዳጣ የሚያስታውስ ሰው በየቢሮው አለ። የሚገርመው፣ ቢፒአርን ለዓለም ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1996 የሰውን ነገር አቅልዬ አይቼው ነበር ብሎ አምኗል። እኛ ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይተን ነው በየመሥሪያ ቤቱ በስፋት ያስገባነው። እሱ የተጸጸተበትን እኛ በሥልጠና ተቀበልነው።

አማካሪ ጨርሶ አይቀጠር የምል ሞኝ አይደለሁም። መንግሥት ለውጭ ዕዳው ድርድር ላዛርድ የተባለውን የፋይናንስ አማካሪ ድርጅት ሲቀጥር ይገባኛል። ማዶ የተቀመጡት አበዳሪዎች የራሳቸውን ባለሙያ ይዘው ነው የሚመጡት፤ እንዲህ ያለ ድርድር ደግሞ በየቀኑ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ግን የገዛ ግምጃ ቤታችን ለምን እንደተጨናነቀ ለማወቅ ከጋሼ ጋር ሻይ መጠጣት ይበቃ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እርስዎ ያጡት መረጃ አይደለም። ቦርድ ፊት ሲቀርቡ የሚይዙት ስመ ጥር ማኅተም ነው የፈለጉት። ለዚያ ማኅተም ከፈልን።

አሁን «ምዕራፍ ሁለት» የሚባል ውል ሊፈረም ነው ሲባል እንሰማለን። ይኸው ድርጅት የራሱን ምክር አፈጻጸም ራሱ ሊከታተል ነው። ከመፈረምዎ በፊት የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ለጋሼ ገጻቸውን ይስጧቸው። መደባቸው እንዲታጠፍ የወሰነው ሰው በስሙና በፊርማው ይጻፍላቸው፤ እርስዎ ከሆኑም እርስዎ። ማኅበሩ ሙሉውን ሰነድ ያንብብ። ጥናቱ እንደተባለው ድንቅ ከሆነ መነበቡ ምኑ ያስፈራል?

ለዚህ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ተመርቷል» የሚል መልስ አልቀበልም። የሚመለከተው እርስዎን ነው።

ከፋይናንስ ክፍል አንዱ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለሥራ አመራር ቦርዱ
ለሠራተኛ ማኅበሩ
ለእንባ ጠባቂ ተቋም
ለአማካሪ ድርጅቱ፣ ለምዕራፍ ሁለት ጥናት በግብአትነት እንዲጠቀምበት (ይህንን እንኳ በነፃ)