መንደፊያው ሚዛን ላይ ለሚቆመው ሰው ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መሥሪያ ቤቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ወረቀታቸውን ወደ ኮምፒዩተር ሲያዞሩ የሥራ ሂደት መንደፊያ ሶፍትዌር፣ ማለትም ሥራው ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ በሥዕል የሚነደፍበት መሣሪያ፣ አብሮ ይገዛል። ሻጮቹ «ኮድ መጻፍ አያስፈልግም» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሥራውን የሚያውቀው ሰው ግን አሁንም ሊነድፍበት አልቻለም፤ ያስቸገረው ሥዕሉ ነውና።

ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚከተሉት ቢፒኤምኤን የተባለውን የሥዕል ቋንቋ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው 2.0 እትሙ ከመቶ በላይ ምልክቶች አሉት። ለዕለት ሥራ ግን መነሻ፣ ሥራ፣ መለያያ፣ ጥበቃና ማብቂያ ይበቃሉ። የቀረው ባለሙያ እስኪፈልገው ድረስ ከገጹ ቢደበቅ ማንም አይጎዳም።

ትልቁ ጣጣ ያለው መንገድ በሚለያይበትና በሚገናኝበት ቦታ ነው። በጅማ ዙሪያ አንድ ማኅበር እሸት ቡና ሲረከብ እንይ። ቡናው ከመመዘኑ በፊት ተለቅሞ ይለያል፤ እያንዳንዱ ርክክብም ቀይ ከሆነ ወደ መፈልፈያ፣ ካልሆነ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይሄዳል። ይህ «ከሁለቱ አንዱ» ነው። ከሚዛን በኋላ ግን ቡናው ወደ መፈልፈያ ሲጓዝ ደረሰኙ በዚያው ጊዜ ወደ ገንዘብ ያዡ ይሄዳል፤ ይህ «ሁለቱም» ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዳይመንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ውስጡ ያለው ኤክስ ወይም የመደመር ምልክት ብቻ ነው።

መለያያውን በኤክስ ከፍተው መገናኛውን በመደመር ቢዘጉት ሥርዓቱ ፈጽሞ የማይመጣውን ሁለተኛ መንገድ ሲጠብቅ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም፤ ዝም ይላል። በመደመር ከፍተው በኤክስ ቢዘጉት ደግሞ ቀጣዩ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራና አንዱ ርክክብ በዕለቱ ሪፖርት ላይ ሁለት ሆኖ ይገባል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መሣሪያው «ከሁለቱ አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም?» ብሎ ይጠይቅ፤ መዝጊያውንም ራሱ ይሳል።

«ጌትዌይ» (መለያያውን) እና «ትሪገር»ን (ሥራውን የሚያስጀምረውን) በግዕዝ ፊደል መጻፍ ትርጉም አይደለም። መዝገብ ቤቱ ከዱሮ ጀምሮ ይመራል፣ ይወክላል፣ ይሸኛል፤ ቃሉ ከዚያ ይወሰድ። አንድን ሥራ በሚያሳየው በእያንዳንዱ ሳጥን ላይም የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደቡ ይጻፍ፤ ሰው ይዛወራል። ፊርማ የሚጠይቅ ሳጥን ደግሞ «ባይኖርስ ማን ይፈርማል?» እና «ስንት ሰዓት ይጠበቅ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ካልተመለሱ ሊቀመጥ አይገባም። የሚቆመው ሥራ አብዛኛው ኃላፊው መስክ የወጣ ዕለት የሚቆም ነው።

እኛ ዘንድ ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መነበብ አለበት። ሁለት ሥዕል መሥራት ግን ስህተት ነው፤ አንዱ ሲታረም ሌላው አሮጌ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሥዕል፣ ሁለት መጠሪያ ይሁን።

ሰዓቱም አለ። «3፡00» ብሎ የሞላ ሠራተኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን ያስባል፤ ሶፍትዌሩ ግን ማሳሰቢያውን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይልካል። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ በጀት የሚዘጋበት ሰኔ 30 በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ስለሆነ «በየወሩ 30» የሚል ትእዛዝ በእነሱ አቆጣጠር ሌላ ቀን ላይ ይወድቃል፣ ፌብሩዋሪ ላይ ጭራሽ ቀኑ የለም፣ ጳጉሜንንም አያውቃት። መሣሪያው የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ካልያዘ፣ ቢያንስ «ጠዋት ወይስ ማታ?» ብሎ ይጠይቅ። መብራት ሲጠፋ የተሳለው እንዳይጠፋም እያንዳንዱን ለውጥ በራሱ ያስቀምጥ።

ለሚገዙ ኃላፊዎች፦ ከመክፈላችሁ በፊት መዛኙን፣ ገንዘብ ያዡንና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋን አንድ በአንድ ለ20 ደቂቃ አስቀምጧቸው። የራሳቸውን ሥራ ይሳሉ፤ ሻጩ ጎን ይቁም እንጂ አይናገር። እጃቸው የቆመበትን ቦታ ጻፉ። ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ጉድለቱ የመሣሪያው ነው፤ ሥልጠና አያድነውም። ቀጥሎ ከአምናው ደረሰኞች 10 አውጡና በተሳለው ሂደት አሳልፏቸው፤ ሁለቱ ክርክር የተነሣባቸው ወይም የተመለሱ ይሁኑ፤ ያለ እንከን ያለፈ ደረሰኝ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ሻጩ ይህን ሙከራ ካልፈቀደ ክፍያው ይቆይ።

ከአክብሮት ጋር
የሥራ ሂደት ሥርዓት ባለሙያዎች
ከጅማ