አባባ፣ ቤቱን አንሽጠው

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሹን ብቻ ጠዋት ከብርድ ልብሱ ማውጣት ፍዳ ሆኖብኛል። አልፈርድበትም፤ ውርጩ ገብቷል። የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ያድራል። እርስዎ ግን እዚያ ቨርጂኒያ ሰው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ጋቢዎን ጣል አድርገው «ይሄም ብርድ ሆነና!» እንደሚሉ እህቴ ነግራኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ያረጀ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም።

በደወልኩ ቁጥር «ከተማው እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም «ደህና ነው» ብዬ አልፋለሁ። መስመሩ እየተቆራረጠ ምኑን አወራዋለሁ? አሁን ግን ወንድሜ ስለ ቤቱ ያነሳብዎት ነገር አለ። እኔ የማየውን ሳይሰሙ መልስ እንዳይሰጡት ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት። እህቴ ፊደሉን አተልቃ አትማ ትሰጥዎታለች።

ከአዲስ አበባ መንገድ ልጀምር። ሸኖን፣ ጫጫን አልፈው ሲመጡ ድሮ የሚያዩት ገብስና ባቄላ፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ እኛ ነበርን። አሁን ከተማው ሲቃረብ ፋብሪካ ነው የሚቀበልዎት። ሐበሻ ቢራ በ2007 ሥራ ሲጀምር እርስዎ እዚሁ ነበሩ፤ «ለገብሳችን ደጃፍ ላይ ገዢ መጣ» ብለው ደስ ብሎዎት ነበር። ዳሽንም መጣ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ሲመረቅ ደግሞ ሻንጣ እያሰናዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ያላዩት፤ የከተማው ግርግር የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ስንት ሰው ሆናችሁ ብለው ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። በ1987ቱ ቆጠራ 38,717 ነበርን። በ1999ኙ 65,231 ሆንን። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ቆጠራ አላደረገችም። ስለዚህ ሁሉም የመሰለውን ቁጥር ይጠራል፤ የባጃጅ ሾፌሩ ሌላ፣ ደላላው ሌላ። የደላላው ሁልጊዜ ይበልጣል፣ ለምን እንደሆነ ያውቁታል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሚመጣው ሰው ዓይነት ነው። እርስዎ ስለ ከተማው ሲነሳ ከዘርዓ ያዕቆብ ነው የሚጀምሩት። ብርሃን ወረደ፣ ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ድንኳን ተክሎ መንቀሉን ትቶ እዚሁ ከተመ። ጥሩ። ግን ንጉሡ ከሞተ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። እኔ ያደግሁበት ደብረ ብርሃን የደሴ አውቶቡስ ቁርስ የሚበላበት ከተማ ነበር። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ትኩስ ነገር ይቀምሳል፣ «ኧረ ብርዱ!» ይላል፣ ተመልሶ ይሳፈራል። አሁን ሰው ከነሻንጣው ወርዶ ቤት የሚከራይ ይጠይቃል።

በ1999 የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ተማሪውንም መምህሩንም አመጣ። ፓርኩና ፋብሪካዎቹ ከመንዝ፣ ከጅሩ፣ ከሞረት ሴት ልጆችን አመጡ። ወዶ ያልመጣም አለ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ደብረ ሲና አፋፍ ሲደርስ ከወሎ የመጣው ሰው ከተማውን ሞላው፤ የእኛ ሳሎንም ፍራሽ በፍራሽ ነበር። እነዚያ አብዛኞቹ ተመለሱ። ከወለጋ ተፈናቅለው ቻይና ካምፕ የሚባለው መጠለያ የገቡት ግን ዓመታት አልፈውባቸዋል፤ እዚያው የተወለዱ ሕፃናት አሉ። ይህን ስለ ልማት በሚወራበት ቦታ ማንም አያነሳውም። እነሱም ግን የዚህ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ገበያ ይወጣሉ፣ ቀን ሥራ ይሠራሉ፣ ሥላሴ ያስቀድሳሉ።

ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ስላለው ግጭት ብዙ አልጽፍም፣ በዜና ይከታተላሉ። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ያን ሰሞን ፎቶ አልላክሽም ብለው የተቀየሙኝ የሞባይል ኢንተርኔት ስላልነበረ ነው።

ደስ የሚልዎትን ልንገርዎት። ድሮ እዚህ ሰው ጠና ብሎ ሲታመም የመጀመሪያው ወሬ «መኪና ፈልጉ፣ አዲስ አበባ ይሂድ» ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው በፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው። ሐኪም ግዛው የሚባል ማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። የጎረቤታችን እናት ባለፈው ክረምት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እዚሁ ነው። ልጆቻቸው ምሳ በእግራቸው ነበር የሚያመላልሱላቸው። «ብመጣ ማን ያክመኛል» የሚሉትን ሰበብ እንግዲህ ይተዉት።

መሐል ከተማው ተቆፋፍሮ ነው የከረመው። ኮሪደር ልማት የሚሉት እኛም ጋ ደርሷል። የእግረኛ መንገድ ሰፋ፣ የመንገድ መብራት ተተከለ፣ ማታ ማታ ሰው ወክ ይወጣል። በዚህ ብርድ! የኛም ሰፈር መንገድ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከፊት ለፊት ትንሽ ሜትር ይወስዳል እንጂ ቤቱን አይነካም። አይደንግጡ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን ላይ ተመረቀ ብለን ደስ ብሎን ሳያበቃ ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ግን የሰፈር ልጆች በጨለማ የሚቀልዱትን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ኩበት ጭነው ከገጠር የሚመጡት እናቶች አሁንም አሉ። ቁጥራቸው ግን ቀንሷል፤ ዋጋውም ጨምሯል። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ካልቀረ ኩበቱ ከየት ይመጣል? ይሄን ካነሳሁ አይቀር ወደ ጠባሴው አጎቴ ልምጣ።

መሬታቸው የተወሰደው በድሮው አዋጅ መሆኑን ያስታውሳሉ። ካሳው የአምስት ዓመት ምርት አማካይ ተይዞ በአሥር ተባዝቶ ነበር የተሰጣቸው። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ይህን አሻሽሎታል፤ ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት ይባዛል። እሳቸው ግን ቀደም ብለው ተነሡ። ገንዘቡ ሲሰጣቸው ብዙ መስሎ ነበር። ለልጃቸው ባጃጅ ገዙ፣ ቤት ሠሩ፣ ሴቷን ልጅ ዳሩ። አለቀ። አሁን ሲያርሱት ከነበረው ማሳ አጠገብ ባለ መጋዘን ጥበቃ ናቸው። ያዝኑ እንደሆነ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «እሱስ የእግዜር ነው፤ እኔን የበላኝ ጫማ በወቅቱ አለመስጠታቸው ነው» አሉኝ። በቀዳዳ ቡት ጫማ ሌሊቱን በውርጭ ቆመው ያድራሉ።

በልማት አልከፋም፣ ያውቁኛል። ፋብሪካው ባይመጣ የእነዚያ ልጆች ዕጣ ዐረብ አገር ነበር። ግን ከተማው ሲያድግ ትርፉ የሚገባው ለማን ነው ስል አጎቴ ትዝ ይሉኛል። የቤታችንም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

ወንድሜ «እንሽጠው» ይላል። ደላላው የሚጠራው ዋጋ ራስ ያዞራል፣ አልዋሽዎትም። ግን ብሩን ተቀብለን ምን እናደርገዋለን? ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ብር ባንክ አስቀምጦ ወለድ መጠበቅ ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው። ደግሞ ዛሬ ሸጠን ነገ እዚሁ ከተማ ካርታ ያለው ቦታ እንግዛ ብንል አንችልም። ሊዙ የሚቀመስ አይደለም።

ሁለተኛው ሐሳቡ «አፍርሰን ጂ ፕላስ ሦስት እንሥራ፣ ምድሩን ለሱቅ እናከራይ» ነው። ወንድሜ የሚኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ መስታወት ካላየ ልማት አይመስለውም። ይቅር ይበለኝና፣ ዋናውን መንገድ በእግሩ ቢሄድ ይገባው ነበር። ባለ መስታወቱ ፎቅ ሁሉ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ለጥፎ ቆሟል። ባዶ ሱቅ ሞልቷል። የጠፋው ሰው የሚያድርበት ክፍል ነው።

ከጓሮ ያሉትን የጭቃ ክፍሎች ያስታውሷቸዋል። አንዷ ውስጥ ሦስት ልጆች በደባልነት ይኖራሉ፤ ሁለቱ ከመንዝ፣ አንዷ ከወሎ። ፋብሪካ በሺፍት ነው የሚሠሩት። አንዷ ከሌሊት ሥራ ስትገባ ሌላዋ ከዚያው ፍራሽ ተነሥታ ትወጣለች። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም፤ ብቻዋን ክፍል ተከራይታ መኖር የምትችል የለችም። አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ካስወጣች ወዲህ ደግሞ «ትእዛዝ ቀነሰ» የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ፊታቸው ይለዋወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ኪራይ ጨምሯል። እኔ ሌላው በጨመረው ልክ አልጨመርኩባቸውም። ወንድሜ ይህን «ኪሳራ» ይለዋል። ሂሳቡን ካየነው ልክ ነው። ግን ጣሪያው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤቱ ከግቢ ማዶ የሆነ ክፍል ላይ በምን አፌ ጨምሩ ልበላቸው?

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ትልቁ ቤት እንዳለ ይቆይ፤ እርስዎ የሚመለሱበት ነው። የጓሮዎቹን የጭቃ ክፍሎች እናፍርስና ስድስት ክፍል በብሎኬት እንሥራ። ኮርኒስ ይኑረው፣ ወለሉ ሊሾ ይሁን፣ ሽንት ቤትና ሻወር አጠገባቸው ይሁን። ሮቶም እንተክላለን፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ መምጣቱን አላቆመም። በአንድ ክፍል ሁለት ልጆች ቢገቡ ከአሁኑ ኪራይ ብዙም ሳይርቅ ይከፍሉታል። ለእኛ ደግሞ በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ይሆናል፣ ለእርስዎም መድኃኒት መግዣ ከልጅ እጅ አይጠብቁም። ብረትና ሲሚንቶ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ሁሉንም በአንዴ አንሠራም፤ በሦስቱ እንጀምራለን። ባለቤቴም ቁጠባችንን ለማውጣት ተስማምቷል።

ስለ በሬሳ ወንዝ አልጠየቁኝም እንጂ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ። ልብስ አጥበን ድንጋይ ላይ የምናሰጣበት ወንዝ አይደለም አሁን። ከላይ ከተማው፣ ከታች እርሻው፤ ሁሉም ጣቱን ወደ ሌላው ይጠቁማል። ልጆቼን እዚያ ይዋኙ ብዬ አልለቃቸውም። ከሁሉም ለውጥ እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይካሳል ብዬ አስባለሁ፣ ወንዝ ግን ምትክ ቦታ አይሰጠውም።

እንግዲህ ከተስማሙ የሚያስፈልገኝ አንድ ወረቀት ነው። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን ሄደው ውክልና ይስጡኝ። እኔ እዚህ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ አረጋግጬ እቀጥላለሁ። ውክልናው ለማፍረስ፣ ለመሥራት፣ ለማከራየትና አጥሩን በሚመለከት ከማዘጋጃ ጋር ለመጨረስ ይሁን። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ እሱን አልፈልግም። ጸሐፊዎች ግን በልማድ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለውን ጨምረው ይጽፉታል። ሳይፈርሙ በፊት እህቴ አንብባ ታስወጣው። ለእኔም ቢሆን፣ ለወንድሜም ቢሆን አይስጡ። እርስዎ በሕይወት እያሉ ስለ ሽያጭ የሚያወራ ልጅ ካለ ከእርስዎ ጋር ፊት ለፊት ያውራ።

ለወንድሜም ይህንኑ ደብዳቤ ልኬለታለሁ። ከኋላው አላማሁትም።

ሲመጡ በክረምት አይሁን፤ የተቆፈረው መንገድ ጭቃ ነው፣ ለጉልበትዎ አይሆንም። ለጥምቀት ቢደርሱ ጥሩ ነው። ወፍራም ካፖርትዎን ግን ይዘው ይምጡ፤ ቨርጂኒያ ለምደው እዚህ እንዳይዋረዱ።

ልጅዎ

ማስታወሻ፦ የአጎቴ የጫማ ቁጥር 42 ነው። የሚመጣ ሰው ካገኙ ውስጡ ሱፍ ያለው ቡት ይላኩላቸው። እኔ እንደነገርኩዎት አይንገሯቸው።