ወደ ሱቫ ለምትሄደው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጉዞ ስትጣደፊ በተግሣጽ ላውክሽ አልፈለግሁም፤ ሆኖም የላክሽልኝን የጥናት ረቂቅ ካነበብሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም። ሕንድ ለፓስፊክ ደሴቶች የምታሳየው ፍላጎት ለምን እንደጨመረ በሚገባ አብራርተሻል፤ ነገር ግን የአንድ ደሴተኛ ድምፅ እንኳ አጣሁበት፤ ይባስ ብለሽ አካባቢውን «የቼዝ ሰሌዳ» ብለሽዋል። የአገሩን ሰው ሳትጠይቂ አትጻፊ።

ነገሩ ከዴልሂ ሲታይ ግልጽ መሆኑን አልክድም። ናሬንድራ ሞዲ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊጂ ዋና ከተማ ሱቫ ሲገቡ፣ ከኢንዲራ ጋንዲ የ1981 ጉብኝት ወዲህ ፊጂን የረገጡ የመጀመሪያው የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በዚያው ጉዞ ከ14 የደሴት አገሮች ጋር የትብብር መድረክ መሥርተው፣ ለእያንዳንዳቸው የሚሰጠውን ዓመታዊ እርዳታ ከ125,000 ወደ 200,000 ዶላር እንደሚያሳድጉ ቃል ገቡ። ገንዘቡ ለትልቅ አገር ኢምንት ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ግን ከ14ቱ አገሮች 12ቱ ድምፅ አላቸው፣ ሕንድም በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ ትሻለች። ሰለሞን ደሴቶች በ2019 ከታይዋን ወደ ቤጂንግ ዞረው በ2022 ከቻይና ጋር የጸጥታ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ በዓመቱ የዚህ መድረክ የመሪዎች ጉባኤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ዋና ከተማ በፖርት ሞርስቢ መጠራቱ ለእኔ ግጥምጥሞሽ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ጽፈሻል፤ የደሴቶቹ መሪዎች በ2018 ናውሩ ላይ ባወጡት መግለጫ ትልቁ ስጋታችን የአየር ንብረት ለውጥ ነው ማለታቸውን ግን ዘለልሽው።

ይህ የሚያስቆጣኝ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስብሰባ በማስተረጉምበት ዘመን፣ ከአንዲት የደሴት አገር የመጡ ሽማግሌ ተወካይ ተራቸው የደረሰው ለምሳ መውጫ ሰዓት ላይ ነበር። ስለ ጨዋማ የጉድጓድ ውኃና ማዕበል ስለሚያጥበው መቃብር ሲናገሩ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆነ፤ እኔ ከመስታወቱ ጀርባ እያንዳንዱን ቃል ተረጎምሁ፣ የሰማ ግን አልነበረም። እርሳቸው ንግግራቸውን ሳያሳጥሩ ጨረሱ፤ ወረቀታቸውን አጥፈው ባዶውን አዳራሽ አመሰገኑ። ወርጄ ስለ መንደራቸው ሳልጠይቃቸው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ጊዜውም አጋጣሚውም አለሽ፤ የአገሩን ሰው ሳትጠይቂ አትጻፊ።

ፊጂ ላይ ደግሞ ጥንቃቄሽን እጥፍ አድርጊው። «ሊዮኒዳስ» የተባለችው መርከብ በ1879 የመጀመሪያዎቹን የሕንድ ውል ሠራተኞች አመጣች፤ እስከ 1916 ድረስ ከ60,000 በላይ ሰዎች ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ወደዚያ ተጓዙ። የልጅ ልጆቻቸው ፊጂያውያን እንጂ የዴልሂ መልእክተኞች አይደሉም። በ1987 የሕንድ ተወላጆች ሰፊ ድጋፍ የሰጡትን መንግሥት የገለበጡት ሲቲቬኒ ራቡካ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳግም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ በ2023 ፖርት ሞርስቢ ላይ ለሞዲ የፊጂን ከፍተኛ ኒሻን ሰጡ። እንዲህ ያለውን መገለባበጥ ከኤምባሲ መግለጫ አትረጂውም፤ የአገዳ ገበሬውንም፣ መሬቱን የሚያከራየውን ነባር ፊጂያዊም ለየብቻ አነጋግሪ፤ አንዱ ሲናገር ሌላውን አጠገቡ አታስቀምጪ።

የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነውና ቤት ስትከራዪ ከመስኮቱ ውበት በፊት ጣሪያውን እዪ። የወባ ትንኝ ባይኖርም ዴንጊ የምታስተላልፍ ትንኝ አለችና ማታም ቀንም ተጠንቀቂ። ፓስፖርትሽን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያዢ፤ ቅጂውንም ለወንድምሽ ላኪለት፣ እኔ እንደማጠፋው ታውቂያለሽ።

አያትሽ ያወረሱሽ ግትርነት በሌላ ነገር ይጠቅምሽ ይሆናል፣ በዚህ ግን ስሚኝ፤ የአገሩን ሰው ሳትጠይቂ አትጻፊ። አዲሱን ረቂቅ ለአለቃሽ ከመስጠትሽ በፊት ለእኔ ላኪው፤ ያ የቼዝ ሰሌዳ አሁንም ካለበት ቀሪውን ሳላነብ እመልሰዋለሁ።

እናትሽ