የሞተር ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አልለይ ያለው ፍሪሲዮን

የትምህርት ቤታችን የሞተር ጥገና ክበብ የት እንደሚሠራ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ነው። ጣሪያ የለውም። ዝናብ ሲመጣ ሞተሩን በላስቲክ ሸፍነን ደረጃው ሥር እንጠለላለን። ከጥቅምት እስከ ሰኔ የሠራነውን ሁሉ የሠራነው እዚያ ነው። ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ ይህን ባትረሱልኝ ደስ ይለኛል።

የጠገንነውን ሞተር ሳይክል የሰጡን የአንድ ተማሪያችን አባት ናቸው። ባለ 150 ሲሲ፣ የህንድ ሥሪት ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ማሽከርከር ሲከለከል ግቢያቸው ውስጥ አቆሙት። ዛሬ ነገ ሲሉ ከአምስት ዓመት በላይ ቆመ። ጥቅምት ላይ ከቀበና ዳገቱን እየገፋን አራት ኪሎ አወጣነው። ልጆቹ ተራ በተራ ነው የገፉት። ታክሲ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ሁሉ «አይዟችሁ!» ይላቸው ነበር።

የመጀመሪያውን ወር በአጭሩ ልለፈው። ባትሪው ሞቶ ነበር፣ ተቀየረ። ካርቡሬተሩ በደረቀ ቤንዚን ተደፍኖ ነበር፣ ተፈታ፣ ታጠበ። ካንዴላ ተለወጠ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ጭብጨባው ፊዚክስ እያስተማረ የነበረውን የሥራ ባልደረባዬን አንገቱን በመስኮት አስወጣው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ደስታው ግን አንድ ደቂቃም አልቆየም። አንዱ ልጅ ፍሪሲዮኑን ጥርቅም አድርጎ ጨብጦ አንደኛ ማርሽ ሲያስገባ ሞተሩ ዘሎ ግድግዳውን ገጨና ጠፋ። የጥበቃው ጋሼ ከበሩ ሮጠው መጡ። ማንም አልተጎዳም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የኋላ ጎማው ከመሬት ሳይነሳ ሞተር አናስነሳም። ማንም ተማሪ አይነዳም። ይህን የምጽፈው የሰጉ ወላጆች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ዓመታችን ያለፈው እንግዲህ በዚህ በሽታ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑ አልለይ አለ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኝና የሚለይ ክፍል ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ሳይክል ላይ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ክብ ዲስኮች ናቸው፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ልሙጥ ብረት እየሆኑ ይደራረባሉ። ሞላዎች አጥብቀው ስለሚጫኗቸው አብረው ይሽከረከራሉ። እጀታውን ስንጨብጥ ሽቦው ይሳብና ጫናው ይነሳል፣ ዲስኮቹም ይላቀቃሉ። እጀታው ተጨብጦም ካልተላቀቁ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይዘላል። ዜሮ ማርሽ ማግኘትም መከራ ይሆናል። ይህን በሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳስረዳ አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ «ቲቸር፣ መሶብ ውስጥ የከረመ እንጀራ ሆኗላ!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

አብዛኞቹ «ፍሪሲዮኑ ይቀየር» አሉ። ሰፈር ውስጥ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ ያለ አንድ ብር ምን ምን ማረጋገጥ እንችላለን? በእኔ እምነት ክበቡ ዘንድሮ የተማረው ትልቁ ነገር እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ።

ከእጀታው ጀመርን። እጀታው ሽቦውን መሳብ ከመጀመሩ በፊት ጫፉ ላይ ትንሽ ልል መሆን አለበት። በብዙ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛው በማስመሪያ ሲለካ ወደ 40 ተጠጋ። ይህ ማለት እጁ ግማሹን መንገድ የሚሄደው በከንቱ ነው። ዳዶዎቹን አስተካክለን ወደ 15 አመጣነው። ሽቦውን ስንፈትሽ ደግሞ ውስጡ ደርቋል፣ ጫፉ ላይ ሁለት ክሮች ተበጥሰዋል። አዲስ ሽቦ ገዛን። የገዛሁት ከኪሴ ነው፤ የክበቡ በጀት ገና አልተለቀቀም ነበር። ሞተሩ ተሻለው፣ አልዳነም።

ቀጥሎ ዘይቱን ጠረጠርን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ የሞላነው ከመኪና የተረፈ ወፍራም ዘይት ነበር። ወፍራም ዘይት፣ በተለይ በኅዳር ብርድ፣ ዲስኮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ለመኪና ተብለው የሚሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ደግሞ ማለስለሻ ስላለባቸው በዘይት ውስጥ የሚሠራን ፍሪሲዮን ያንሸራትቱታል። ለዚህ ነው የሞተር ሳይክል ዘይት ጣሳ ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ምልክት መፈለግ ያለብን። ዘይቱን አፍስሰን 10 ደብልዩ 40 ሞላን። ዜሮ ማርሽ መገኘት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ግን ያው ነው።

ሞተሩን አጥፍተን፣ ማርሽ አስገብተን፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጠን ወደፊት ወደኋላ ገፋነው። አንድ ጊዜ «ቀጭ» አለና ተንከባለለ። ተላቀቀ ብለን ተቃቀፍን። በነጋታው ተመልሶ ተጣበቀ። ከዚህ በኋላ መክፈት ግድ ሆነ።

የመጀመሪያው መክፈት አላማረም። የጎኑ ክዳን ሲነሳ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተቀደደ። ዘይቱን የተቀበልንበት ሳህንም ተገልብጦ ኮሪደሩ ድረስ ፈሰሰ። ለዚህም ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ደርሶኛል። ወለሉን በኦሞ አጥበን ለሁለት ሳምንት ሥራ አቆምን። ጠረጴዛ ቢኖረን ሳህኑ መሬት ላይ ባልተቀመጠ ነበር፤ ይህንንም በመልሴ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ሌላ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ስለ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ወንድሟ በፈቃድ በሞተር ዕቃ ያመላልሳል። ማታ ማታ ሲጠግን ባትሪ የምታበራለት እሷ ናት። እኛ ጋ ስትመጣ አትናገርም። ሦስት ወር ሙሉ ስም ስትጠራና ማስታወሻ ስትይዝ ነበር። የሞላዎቹን ቡሎኖች በመስቀለኛ፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እያላሉ መፍታት እንዳለባቸው ደብተሯን አንብባ ያስታወሰችን እሷ ናት። አምስቱ ሻካራና አራቱ የብረት ዲስኮች ተጣብቀው እንደ አንድ ዳቦ ወጡ። በየተራ አላቀቀቻቸው። አወጣጣቸው እንዳይጠፋ በክር ቋጠሮ ምልክት አደረገችባቸው። ዲስኮቹ የሚቀመጡበት ቤት ላይ ጥርሶቹ ያበጁትን ትንንሽ ጉድጓድ ወንዶቹ በጥሩ ሞረድ አለሰለሱት።

የብረት ዲስክ መጣመሙ በዓይን አይታይም። ከ9ኛ ቢ የተሰበረ መስኮት የተረፈ መስታወት አመጣን። ዲስኩ መስታወቱ ላይ ተኝቶ ጠርዙ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጠማማ ነው። ከዚያ ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት መለኪያ፣ በፊለር ጌጅ፣ ክፍተቱ ይለካል። ብዙ አምራቾች ከ0.2 ወይም ከ0.3 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈቅዱም። በሁለቱ ዲስኮቻችን ሥር 0.4ቱ ቅጠል ያለ ችግር አለፈ። መለኪያው የተውሶ ነው።

መጋቢት 13 ቀን፣ ቅዳሜ፣ መርካቶ፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድን። ዘጠኝ ተማሪና እኔ። ከፒያሳ በአትክልት ተራ በእግራችን ነው የሄድነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ስለነበር ከእኛም ከነጋዴዎቹም እህል የቀመሰ ብዙ አልነበረም። ግን መርካቶ መርካቶ ነው። ኩሊው «ዞር በሉ!» ይላል፣ ደላላው እጅ ይጎትታል። ልጆቹ ተያይዘው ይሄዳሉ።

አራተኛው ሱቅ ላይ የእኛ ሞተር ዲስኮች ተገኙ። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሙሉውን የዲስክ ጥቅል ላስቲኩን ቀደው ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። እኔ ዋጋ ልከራከር አፌን ስከፍት ያቺ ዝምተኛ ልጅ ቀደመችኝ። «አባባ፣ ባንኮኒው መስታወት ነው አይደል?» አለች። «ነው የኔ ልጅ» አሏት። የብረት ዲስኮቹን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስተኛች። በሌባ ጣቷ ጠርዛቸውን እየነካች ጆሮዋን አስጠጋች። አንደኛው ዝም። ሁለተኛው ዝም። ሦስተኛው ላይ «ቅጭ ቅጭ» የሚል ድምፅ እኔም ሰማሁ። ዲስኩን አነሳችና፣ «ይሄ ተጣሟል፣ ይቀይሩልኝ» አለቻቸው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ሰውየው ራሳቸው ነኩት። ደግመው ነኩት። ከዚያ ከጀርባቸው ሌላ ጥቅል አውርደው፣ «ነይ ምረጪ» አሏት። እሷ ስትመርጥ ዝም ብለው ሲያዩዋት ቆዩና ወደ እኔ ዞረው፣ «የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። «የእኛ ተማሪ ናት» አልኳቸው። ጓርኒሲዮኑን ያለ ዋጋ ጨመሩላት። በ17 ዓመት የማስተማር ሕይወቴ ፈተና አርሜ፣ ውጤት አንብቤ፣ ተማሪ አስመርቄ አውቃለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ዓይኔ እንባ ሞልቶ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን ያዞርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አዲሶቹን ሻካራ ዲስኮች ሌሊቱን ሙሉ ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ዘፈዘፍናቸው። ደረቃቸውን ከገቡ ገና ከጅምሩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ገጠማው ግን ከፋሲካ በኋላ ድረስ ቆየ። ቡሎኖቹን በልክ የሚያጠብቅ ቶርክ መፍቻ ስላልነበረን አንድ ጋራዥ እስኪያውሰን ስንጠብቅ ነው።

ግንቦት ላይ አንድ ሐሙስ፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሞተሩ ተነሳ። እንዲሞቅ ተውነው። እሷ ከጎኑ ቆማ እጀታውን ጨበጠችና ማርሹን በእግሯ ወደ ታች ተጫነች። «ጭልጥ» ብሎ ገባ። የኋላ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ጎማውን ነበር የሚያየው። ከዚያ እጀታውን ቀስ ብላ ለቀቀች፣ ጎማው ዞረ። ደግማ ጨበጠች፣ ቆመ። በነጋታው ጠዋት በብርዱ ሞከርነው። ያው ሆነ።

ሌላውን ሥራ በጥቂቱ ልንገራችሁ። በየሳምንቱ ሐሙስ ተገናኝተናል። 28 ሆነን ጀምረን 17 ሆነን ጨርሰናል። የቤት አያያዝ ክፍሉን ሁለት የልብስ ስፌት መኪናዎች ጠግነናል። የጥበቃውን የጋሼን ብስክሌት ፍሬን ቀይረናል። በወላጆች ቀን የተፈታውን አሮጌ ፍሪሲዮን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አስረድተናል። ጠረጴዛው የሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው፤ ስላዋሱን እናመሰግናለን።

በዚያው ዕለት አንድ ወላጅ፣ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ፍሪሲዮን ምን ያደርግላቸዋል?» ብለውኛል። ጥያቄው አግባብ አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎችም ፍሪሲዮን የላቸውም። ነገር ግን ልጆቹ ከእጀታው ወደ ሽቦው፣ ከሽቦው ወደ ዘይቱ፣ ከዘይቱ ወደ ዲስኩ የሄዱበት መንገድ ባትሪና ኮንትሮለር (የኃይል መቆጣጠሪያ) ላይም ያው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሰጠን ካለ በሚቀጥለው መስከረም እጃችንን ዘርግተን እንቀበላለን።

አሁን የምለምነውን በግልጽ ልለምን። ከውኃ ታንከሩ እስከ ቤተ ሙከራው ግድግዳ ድረስ ቆርቆሮ ጣሪያ ያስፈልገናል። አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ ከጉጠት ጋር፣ አንድ ቶርክ መፍቻ፣ አንድ ፊለር ጌጅና ሁለት ጥሩ ካቻቢቴዎች ያስፈልጉናል። ሌላው ክበብ ሲያገኝ አልቀናሁም። ግን ዘንድሮ ለእኛ የተለቀቀው በጀት የአንድ ጥቅል ዲስክ ዋጋ እንኳ አልሸፈነም፤ የጎደለውን የሞሉት ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ከትራንስፖርታቸው ቀንሰው ነው። ይህ መደገም የለበትም።

ጋራዥ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ አሮጌ መፍቻም ቢሆን አትጣሉብን። ሐሙስ ከ9፡30 በኋላ ብትመጡ እዚያው ነን። ሁለቱ ጠማማ ዲስኮች ከታንከሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። መስታወቱም አለ። ልጆቹ ራሳችሁ እንድትሞክሩት ያደርጓችኋል።